የውድድር መኪና የሚጎትት ሞተርሆም መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ሞተርሆም (መኝታ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ እንደ ቤት የሚኖሩበት ተሽከርካሪ) ይዘው የውድድር መኪናቸውን በተሳቢ እየጎተቱ ቅዳሜና እሁድን በውድድር ሜዳ ለማሳለፍ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ ከመሠረታዊው ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

ሞተርሆም በእርግጥ ያስፈልገኛል ወይስ ፒክአፕና ተሳቢ ይበቃኛል?

በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚወዳደርና ሜዳው ለማይርቀው ሰው ጠንካራ ፒክአፕና ክፍት ተሳቢ ይበቃዋል። ሞተርሆም ባይነዳም የሚያረጅ ተሽከርካሪ ነው፤ ጎማው ቆሞ ይደርቃል፣ የጣሪያው ማሸጊያ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ መድኑና የማቆሚያ ቦታውም ነዱት አልነዱት ይከፈልባቸዋል። ለጥቂት ሌሊቶች መኝታ ሲባል ብቻ መግዛቱ አያዋጣም።

የሚያዋጣው ዓርብ ማታ ሜዳው ቅጥር ገብቶ እሁድ ማታ ለሚወጣ፣ ቤተሰብ ወይም መካኒክ ይዞ ለሚመጣ፣ በልምምድና በውድድር መካከል ባሉት ረጃጅም ሰዓታት ጥላ፣ መጸዳጃና ማረፊያ ለሚፈልግ ተወዳዳሪ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ፒክአፕ ተሳቢውን ፈትቶ መለዋወጫ ለመግዛት ሊወጣ ይችላል፤ ሞተርሆም ግን አንዴ ከቆመ፣ ጥላው ከተዘረጋና ኤሌክትሪኩ ከተሰካ በኋላ እሁድ እስኪመሽ ማንም ሊያንቀሳቅሰው አይፈልግም። ብዙዎች በተሳቢው ውስጥ ብስክሌት ወይም ትንሽ ሞተር ብስክሌት የሚጭኑት ለዚህ ነው።

የሞተርሆም ዓይነቶች ምንድን ናቸው? ለዚህ ሥራ የሚሆነውስ የትኛው ነው?

በሰሜን አሜሪካ አከፋፈል ክላስ ቢ የሚባለው በቫን አካል ውስጥ የተሠራው ትንሹ ነው። ክላስ ሲ የቫን ጋቢና ከፊቱ አለው፤ ቤቱ ከጋቢናው በስተኋላ ተገንብቶ ብዙውን ጊዜ አንድ አልጋ ከጋቢናው በላይ ይኖረዋል። ክላስ ኤ ደግሞ አውቶቡስ የሚመስለውና በተለየ ሻንሲ ላይ ከመሠረቱ የተገነባው ሲሆን፣ ሞተሩ ከፊት የሆነ የቤንዚን ዓይነትና ሞተሩ ከኋላ የሆነ የናፍጣ ዓይነት አለው። ከእነዚህ ጎን ሱፐር ሲ የሚባለው ይቆማል፤ እንደ ፍሬይትላይነር ኤም2 ባለ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከባድ ነገር መጎተት ተፈጥሮው ነው። በውድድር ሰፈር የሚታወቀው ቶተርሆምም የዚሁ ዘመድ ሲሆን ቤቱ አጠር ብሎ መጎተቻው ለግዙፍ ተሳቢ የታሰበ ነው።

ቀላል መኪና በክፍት ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ክላስ ሲ ይሆናል። የተሸፈነ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ግን ምርጫው ወደ ናፍጣው ክላስ ኤ ወይም ወደ ሱፐር ሲ ይጠብባል። ከሁለቱ ሱፐር ሲ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው፤ ሞተሩ ከፊት በመሆኑ የተሳቢው ክብደት ከኋላው አክስል ላይ ከሞተር ጋር አይደራረብበትም፣ ጥገናውንም ከባድ መኪና የሚያውቅ ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል። ክላስ ቢ ለውድድር መኪና መጎተቻ አይመከርም።

ተሳቢ ሳያስፈልግ መኪናውን በሞተርሆሙ ውስጥ መጫን አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ለጥቂቶች ነው። ከኋላቸው ጋራዥ ኖሯቸው በብዛት የሚሸጡት ሞተርሆሞች ጋራዣቸው ለሞተር ብስክሌትና ለትንንሽ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች የተለካ ነው፤ አራት ሜትር የሚረዝም መኪና ከኋላው አክስል በስተኋላ ቢቀመጥ የሞተርሆሙ የፊት ጎማዎች መሬት የመያዝ አቅማቸውን ያጣሉ። የጀርመኑ ፎልክነር ሞቢል ይህን ችግር የፈታው መኪናውን በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል፣ ከወለሉ ሥር፣ ከጎን በሚወጣ መድረክ ላይ በማስገባት ነው። ምህንድስናው የሚደነቅ ነው፤ ይሁንና ቦታው የታሰበው ለመንገድ ስፖርት መኪና ነው፣ መኪናውን ተከትለው ለሚመጡት የጎማ ክምር፣ ክሪክና የመሣሪያ ሣጥን ግን አልታሰበበትም።

በአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ዘንድ የተለመደው ሌላው መንገድ የጭነት መኪና ገዝቶ የፊቱን ክፍል መኖሪያ፣ የኋላውን ደግሞ መኪና መጫኛ አድርጎ ማሠራት ነው። በአጭሩ ተጣጥፎ የሚነዳ አንድ ተሽከርካሪ ስለሚሆን ለጠባብ ቅጥር ይመቻል፤ የሚያስከፍለው ግን በመኖሪያው ጥበት ነው።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር፤ ከሞተርሆሙ ወይስ ከተሳቢው?

ከተሳቢው። አብዛኛው ገዢ ወደ ሻጭ ሄዶ በመጀመሪያ አልጋውንና ወጥ ቤቱን ያያል፣ የሚጎትተውን ክብደት የሚያስበው ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው፤ ሥራው ግን በተቃራኒው መሄድ አለበት። የውድድር መኪናው፣ ተሳቢውና በተሳቢው ውስጥ የሚጫነው ዕቃ ሁሉ በአንድነት ምን ያህል እንደሚመዝኑ ሳይታወቅ የሚመረጥ ሞተርሆም በግምት የተመረጠ ነው።

ለምሳሌ አንድ ለውድድር የተዘጋጀ ማዝዳ ሚያታ (ትንሽ የስፖርት መኪና) ወደ 1,050 ኪሎ ይመዝናል። በ800 ኪሎ ክፍት ተሳቢ ላይ ከትርፍ ጎማና ከጥቂት መሣሪያ ጋር ሲጫን ድምሩ ከ2,100 ኪሎ ብዙም አይርቅም። በሌላ በኩል 1,400 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና ዓይነት የውድድር መኪና፣ ሣጥኑ ብቻ 7.3 ሜትር በሚረዝም የተሸፈነ ተሳቢ ውስጥ ከገባ፣ ተሳቢው ባዶውን ወደ 1,800 ኪሎ ስለሚደርስና ጎማ፣ መሣሪያ፣ ነዳጅ፣ ቁም ሣጥንና ኮምፕሬሰር በቀላሉ ሌላ 500 ኪሎ ስለሚጨምሩ፣ ጠቅላላው 3,700 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱም ሰዎች «አንድ መኪና እጎትታለሁ» ይላሉ፤ የሚያስፈልጓቸው ሞተርሆሞች ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

የተሸፈነ ተሳቢ ባዶ ቦታው ሁልጊዜ እንደሚሞላም መታወቅ አለበት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የጎማ ስብስብ የያዘ ሰው በሦስተኛው ዓመት ትርፍ ካምቢዮ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ ከተመዘነው በላይ 15 በመቶ ያህል መጠባበቂያ መተው ተገቢ ነው።

መጎተቻው ላይ 4,500 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል፤ ይህን ያህል መጎተት እችላለሁ ማለት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። መጎተቻው፣ ማለትም ተሳቢው የሚታሰርበት ብረት፣ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው ስለዚያ ብረት ብቻ ነው። ከእርሱ ሌላ መታየት ያለባቸው ሦስት ገደቦች አሉ፦ ሞተርሆሙ ራሱ ተጭኖ ሊደርስበት የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት፣ ሞተርሆሙና ተሳቢው በአንድነት ሊደርሱበት የሚፈቀደው የጥምር ክብደት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ አክስል የሚሸከመው ክብደት። ከሁሉም ቀድሞ የሚሞላው ገደብ እርሱ የእርስዎ ገደብ ነው።

በክላስ ሲ ዘንድ በጣም የተለመደው የፎርድ ኢ-450 ሻንሲ በቅርብ ዓመታት ሞዴሎቹ የተፈቀደለት የራሱ ክብደት 6,577 ኪሎ፣ የጥምር ክብደቱ ደግሞ 9,979 ኪሎ ነው። ሞተርሆሙ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ከሆነ ለተሳቢው የሚቀረው 3,402 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ3,700 ኪሎ ተሳቢ ከመነሻው አይሆንም። የሚያስገርመው ደግሞ ትልቅ ቤት ማለት ትልቅ የመጎተት አቅም አለመሆኑ ነው። የቤንዚን ክላስ ኤ የሚሠራበት የፎርድ ኤፍ-53 ሻንሲ በከባዱ ዓይነቱ 11,793 ኪሎ የራሱ ክብደት ሲፈቀድለት የጥምር ክብደቱ 13,608 ኪሎ ላይ ይቆማል፤ ቤቱ ከነዕቃው ገደቡን ከነካ ለተሳቢው የሚተርፈው 1,815 ኪሎ ነው፣ ማለትም ለሚያታውና ለክፍት ተሳቢው እንኳ አይበቃም።

ከዚህ በተጨማሪ የተሳቢው አንገት (ከመጎተቻው ጋር የሚያያዘው የፊት ብረቱ) በመጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት የሞተርሆሙ ጭነት ሆኖ ይቆጠራል። ውኃው፣ ነዳጁ፣ ተሳፋሪው፣ ልብሱና ምግቡ ከተጫኑ በኋላ ለዚህ የሚሆን ቦታ መቅረቱን በበሩ አጠገብ ከተለጠፈው የጭነት አቅም ሰሌዳ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ነው፤ ሜዳው የውኃ ቧንቧ ካለው ጋኑን ሞልቶ መጓዝ አቅምን ያለ ጥቅም መጨረስ ነው።

ቤንዚን ይሻላል ወይስ ናፍጣ?

መንገዱ ሜዳማ፣ ተሳቢው ከ2,300 ኪሎ በታች፣ ጉዞውም አልፎ አልፎ ከሆነ ቤንዚን በቂ ነው፤ መግዣውም ጥገናውም ይቀላል። አቀበትና ከፍታ ሲመጣ ልዩነቱ ይጎላል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱን በ3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛው አብሮት የለም ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ይህን ኪሳራ በአብዛኛው ይቋቋማል፣ ጉልበቱንም በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ ሞተሩ ሳይጮህ ዳገቱን ይወጣል።

ይሁንና ናፍጣውን ተመራጭ የሚያደርገው ዋናው ነገር ቁልቁለቱ ነው። የኩሚንስ ሞተር የተገጠመላቸው ከባድ ሞተርሆሞች በጭስ ማውጫው ወይም በሞተሩ በኩል የሚሠራ ረዳት ፍሬን ስላላቸው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ የእግር ፍሬኑን ሳያግሉ መውረድ ይችላሉ። አሥራ አራት ቶን ይዞ ተራራ የሚወርድ ሰው ይህን ከፈረስ ጉልበት ቁጥር አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። ሞተሩ ከኋላ የሆነውን ናፍጣ የሚገዛ ሰው ደግሞ ክፍት ተሳቢ እንዳይጎትትበት ይመከራል፤ ከኋላ ጎማዎቹ የሚፈናጠረው ጠጠርና ከሞተሩ አካባቢ የሚወጣው ሙቀትና ቆሻሻ በቀጥታ በውድድር መኪናው ፊት ላይ ያርፋል።

ተሳቢው የሚወዛወዘው ለምንድን ነው? ከባድ ሞተርሆም ብገዛ ይቀራል?

የመወዛወዝ ዋናው ምክንያት የተሳቢው አንገት መቅለል ነው። በሰሜን አሜሪካ ዓይነት ባለ ሁለት አክስል ተሳቢዎች አንገቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ በ3,700 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ370 እስከ 555 ኪሎ ነው። የአውሮፓ ተሳቢዎች አክስላቸው ወደ መሐል ስለሚቀርብ ያነሰ ክብደት ያሳርፋሉ፤ በእነርሱ የሚሠራው የአምራቹ ቁጥር ነው። ልኩ የሚስተካከለው መኪናውን በተሳቢው ላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው፤ ትክክለኛው ቦታ ከተገኘ በኋላ ወለሉ ላይ ምልክት ማድረግ ይበጃል። ሞተራቸው ከኋላ የሆነ እንደ ፖርሽ 911 ያሉ መኪናዎች ፊታቸውን ወደፊት አድርገው ሲጫኑ ክብደታቸው ወደ ተሳቢው ጭራ ስለሚሸሽ፣ ብዙዎች ወደኋላ አዙረው ይጭኗቸዋል።

ከባድ ሞተርሆም መወዛወዙን ይቀንሳል፣ አያስቀርም። በሞተርሆም በኩል ያለው ችግር ከኋላው አክስል በስተኋላ የተንጠለጠለው ረጅም አካል ነው። የፊትና የኋላ አክስሎች ርቀት 5.5 ሜትር፣ ከኋላው አክስል እስከ መጎተቻው 3 ሜትር ቢሆንና 370 ኪሎ አንገት ቢያርፍበት፣ የኋላው አክስል የሚጨመርበት 370 ሳይሆን 572 ኪሎ ነው፤ የፊቱ ደግሞ 202 ኪሎ ይቀንሳል። መሪው ሲቀልና መኪናው በነፋስ ሲንገዋለል የሚሰማቸው አሽከርካሪዎች ምክንያቱን በጎማ ወይም በመሪ ውስጥ ሲፈልጉ ይታያሉ፤ ምክንያቱ ግን ይህ ነው። ሁለት ሞተርሆሞች በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ የኋላ ትርፋቸው አጭር የሆነው ይመረጥ። ክብደቱን ወደ ፊት አክስል የሚመልስ የጫና ማከፋፈያ መጎተቻ የሚረዳው የሞተርሆሙ አምራች ከፈቀደ ብቻ ነው።

የተሳቢው ፍሬን ምን ዓይነት መሆን አለበት?

በሁሉም አክስሎቹ ላይ ፍሬን ያለው መሆን አለበት፤ ሞተርሆሙ ትልቅ ስለሆነ የራሱ ፍሬን ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው፤ የሞተርሆሙ ፍሬን የተሠራው የራሱን ክብደት ለማቆም ነውና። በኤሌክትሪክ ለሚሠራው የተሳቢ ፍሬን በጋቢናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ የሞተርሆሙን የመቆም ፍጥነት አንብቦ ኃይሉን በዚያው መጠን የሚያስተላልፈው ዓይነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኃይል ከሚልከው ይበልጣል። በነፋስ ፍሬን የሚሠሩ ሞተርሆሞችም ተራውን የኤሌክትሪክ ፍሬን ማዘዝ ይችላሉ፣ ተስማሚ መቆጣጠሪያ ከተገጠመላቸው።

ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚይዝለት ማብሪያና ትንሽ ባትሪ አለው። ይህ ባትሪ ተረስቶ ሞቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከጉዞ በፊት ሽቦውን ስቦ መሞከር ልማድ ሊሆን ይገባል።

ምን ያህል ጄነሬተር ያስፈልገኛል?

ብዙ የውድድር ሜዳዎች ለሁሉም የሚበቃ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ ያሉትም ቀድመው የመጡት ይይዟቸዋል። የጣሪያ ላይ አየር ማቀዝቀዣ አንዱ ሲሠራ ወደ 1.5 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በመሆኑም 4 ኪሎዋት ጄነሬተር አንድ ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣ ሣጥንና ባትሪ መሙያ ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት ማቀዝቀዣ በአንድ ጊዜ ለማሠራት 5.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የጎማ ማሞቂያና የአየር ኮምፕሬሰር በዚሁ ላይ ከተጨመሩ ሒሳቡ እንደገና ይሠራ፣ ወይም ለተሳቢው ራሱን የቻለ ትንሽ ጄነሬተር ይመደብ።

ከሻንሲው ነዳጅ ጋን የሚቀዱ ጄነሬተሮች አብዛኛውን ጊዜ ጋኑ ሩብ ላይ ሲደርስ ይቆማሉ፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ወደ ቤት መመለሻ እንዲቀር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሌሊት ጄነሬተር የሚከለክሉ ሜዳዎች ስላሉ ጥሩ የሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ጸጥታውን ይገዛል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ የሌለው ሞተርሆም ውስጥ ጄነሬተር እየሠራ መተኛት አይገባም፤ የጎረቤት ጄነሬተር ጭስ በእርስዎ መስኮት ሊገባ እንደሚችልም አይዘንጋ።

ርዝመቱ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል?

ቤተሰቡ ከሚፈልገው አንድ ደረጃ ያነሰ። 10.5 ሜትር ሞተርሆም ከነአንገቱ 8.7 ሜትር በሚረዝም የተሸፈነ ተሳቢ ሲታሰር 19.2 ሜትር ይሆናል። በአውሮፓ ኅብረት ለተሽከርካሪና ተሳቢ ጥምር የተፈቀደው 18.75 ሜትር ስለሆነ ይህ እዚያ ሕገ ወጥ ነው፤ በአሜሪካ ገደቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ በብዙዎቹም 19.8 ሜትር አካባቢ ነው። ከሕጉ በፊት ደግሞ የሜዳው በር፣ የነዳጅ ማደያው መዞሪያና የተመደበልዎት የማቆሚያ ቦታ አሉ።

ያገለገለ ሞተርሆም ስገዛ ምን ልመርምር?

ከሁሉ በፊት ውኃ። ሞተር ይጠገናል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ ውኃ ለዓመታት የገባበት ግድግዳ ግን ውስጡ በስብሶ የጥገናው ዋጋ ከተሽከርካሪው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በጣሪያው ማዕዘናት፣ በመስኮቶች ዙሪያና በመታጠቢያው አካባቢ በእጅ እየተጫኑ መፈተሽ፣ ወለሉ የሚለሰልስበትን ቦታ በእግር መፈለግ፣ የውጭው ግድግዳ እንደ አረፋ ያበጠበት ቦታ መኖሩን ከጎን በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ ቀለምና ጠንካራ ሽቶ ሲገጥምዎ ጥርጣሬዎ ይጨምር።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አይባልም። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ቢገኝ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሞተርሆም ጎማ ከማለቁ በፊት ያረጃል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ መመርመር፣ ምንም ቢመስል ከአሥር ዓመት በላይ አለመጠቀም ይመከራል። በተሳቢው ጎማ ላይ ደግሞ የፍጥነት ገደቡ ይነበብ፤ ለተሳቢ ብቻ የተሠሩ ብዙ ጎማዎች ገደባቸው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው።

ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር እንደ መልካም ነገር ብቻ አይታይ። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሞተርሆም የደረቀ ማሸጊያ፣ የተበላሸ ነዳጅና የያዘ ፍሬን ሊኖረው ይችላል፤ የጄነሬተሩ የሰዓት ቆጣሪ ከተሽከርካሪው ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነም ሳይሠራ መቆሙን ይመሰክራል። በየወቅቱ የተነዳና የጥገና መዝገብ ያለው ይመረጣል።

የውድድር ነዳጅና ጎማ የት ይጫኑ?

ነዳጅ በምንም ምክንያት በመኖሪያው ክፍል ወይም ከእርሱ ጋር አየር በሚጋራ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይጫንም። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ ወለል ላይ ተኝቶ ማቀጣጠያ ይጠብቃል፣ ጋዝ ምድጃና የውኃ ማሞቂያም ያለው እዚያው ነው። ቦታው ተሳቢው ነው፤ የአየር መተላለፊያ ይኑረው፣ ጄሪካኑም ይታሰር። ጎማዎች ከባድ ስለሆኑ አንገቱን ለማክበድ ወይም ለማቅለል የሚያገለግሉ መመዘኛዎች ናቸው፤ ዛሬ ከፊት፣ ነገ ከኋላ እየተቀመጡ ሚዛኑ እንዳይለዋወጥ ቋሚ መደርደሪያ ይሠራላቸው።

መጎተቻው አነስተኛ ከሆነ በከባድ መጎተቻ አስቀይሬ አቅሙን ማሳደግ እችላለሁ?

መጎተቻውን መቀየር ይቻላል፤ አቅሙን ማሳደግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጥምር ክብደቱን የወሰነው የሻንሲው አምራች ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፍሬኑንና ዲፈረንሻሉን አስቦ ስለሆነ፣ ኋላ ላይ የተበየደ ብረት አንዱንም አይለውጥም።

የሚብሰው ግን ከዓይን የተሰወረው ነው። በብዙ ክላስ ሲ ሞተርሆሞች ቤቱን የሚገነባው ድርጅት ሻንሲውን ለማስረዘም ከኋላ ተጨማሪ ብረት ይበይድበታል፣ መጎተቻውም የሚታሰረው በዚያ ቅጥያ ላይ ነው። አንዳንድ ጠንካራ ሻንሲ ያላቸው ሞተርሆሞች በ2,268 ኪሎ የተገደበ መጎተቻ ይዘው የሚወጡት ቅጥያው ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። በዚህ ላይ ጠንካራ መጎተቻ ማሰር ደካማውን ቦታ መደበቅ ነው። ሥራው የግድ ከሆነ ቅጥያው ከመሠረቱ ተነሥቶ በከባድ መኪና ሻንሲ ባለሙያ መሠራት አለበት፤ የዚያን ጊዜም የጥምር ክብደቱ ገደብ እንዳለ ይቆያል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑ ትክክለኛውን ሞተርሆም ለመግዛት ቢውል ይሻል ነበር።

ሁሉንም ከገዛሁ በኋላ ልኩን እንዴት አረጋግጣለሁ?

በከባድ መኪና ሚዛን። ለውድድር እንደሚሄዱ ሁሉን ጭነው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ ሰዎቹንም አሳፍረው መጀመሪያ ተሳቢው እንደታሰረ የፊቱን አክስል፣ የኋላውን አክስልና የተሳቢውን አክስሎች ለየብቻ ይመዝኑ። ቀጥለው ተሳቢውን ፈትተው ሞተርሆሙን ብቻ ይመዝኑ። ተሳቢው ታስሮ ሳለ የሞተርሆሙ ሁለት አክስሎች ድምር ከተፈታው ድምር የሚበልጥበት ልዩነት የተሳቢው አንገት ክብደት ነው፤ የፊቱ አክስል ምን ያህል እንደቀለለም ከዚሁ ይታያል። የጎማ ንፋስ መጠንም ከዚህ በኋላ በአምራቹ የክብደት ሠንጠረዥ መሠረት ይወሰን፤ ጎማው ላይ የታተመው ቁጥር ለከፍተኛው ጭነት የተጻፈ ነው።

ምን ዓይነት መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል?

በአውሮፓ ኅብረት የቆየው ሥርዓት ምድብ ቢ እስከ 3,500 ኪሎ፣ ምድብ ሲ1 እስከ 7,500 ኪሎ ድረስ ሲፈቅድ፣ ሲ1ኢ ደግሞ ጥምሩ እስከ 12,000 ኪሎ የሚደርስ ተሽከርካሪና ተሳቢን ይሸፍናል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 በፊት የመኪና ፈቃድ ያገኙ አሽከርካሪዎች እስከ 8,250 ኪሎ ጥምር የመንዳት መብት በአሮጌው ሕግ ተጠብቆላቸዋል። በአሜሪካ ለግል መዝናኛ የሚነዳ ሞተርሆም ከንግድ መንጃ ፈቃድ ግዴታ ውጭ ሲሆን፣ አንዳንድ ግዛቶች ግን ከ11,793 ኪሎ በላይ ለሆነ ተሽከርካሪ የተለየ የግል ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሚቆጠረው በዕለቱ የተጫነው ሳይሆን በሰሌዳው የተፈቀደው ክብደት መሆኑን ልብ ይሏል።

ስፖንሰር አለኝ፣ አልፎ አልፎም የሽልማት ገንዘብ አገኛለሁ፤ ጉዞዬ የንግድ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል?

ሊቆጠር ይችላል፣ ጥያቄውም ከሚገመተው በላይ ክብደት አለው። የአሜሪካ የፌዴራል የከባድ ተሽከርካሪ ደንብ አልፎ አልፎ የግል ንብረትን ያለ ክፍያና ያለ ትርፍ ዓላማ ማጓጓዝን ከንግድ ደንቦች ነጻ ያደርጋል፤ ለተወዳዳሪዎች የተሰጠው ማብራሪያም ሽልማቱ እንደ ተራ ገቢ ከተመዘገበና ወጪው ለግብር ሲባል የንግድ ወጪ ተብሎ ካልተቀነሰ ነጻነቱ እንደሚጸና ይገልጻል። ስለዚህ የናፍጣውንና የጎማውን ወጪ ከግብር የሚቀንስ ሰው በመንገድ ላይ «ለመዝናናት ነው» ቢል መዝገቡ ይቃወመዋል። በተሳቢው ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈ የኩባንያ ስም ራሱ ጥፋት ባይሆንም ተቆጣጣሪ ፖሊስ እንዲያስቆም መጋበዙ አይቀርም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለንግድ ያልሆነ ጭነት የሚያጓጉዝ ጥምር የታኮግራፍ (የመንዳት ሰዓትንና ፍጥነትን የሚመዘግብ መሣሪያ) ግዴታ የማይነካው ከፍተኛው የተፈቀደ ክብደቱ ከ7.5 ቶን ካልበለጠ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን «የግል ነው» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይበቃም።

መድኑም በዚሁ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። ለመዝናኛ የተገባ የሞተርሆም ውል ጉዞው የንግድ ሆኖ ከተገኘ ካሳ ሊከለክል ይችላል፤ የግል ቢሆንም እንኳ ተሳቢው ውስጥ ያለውን የውድድር መኪና አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ለእርሱ በጉዞና በማቆሚያ ጊዜ የሚሠራ የተለየ ውል ያስፈልጋል። ስፖንሰር ያለው ተወዳዳሪ ስምምነቱን አስቀድሞ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል።